ቲቸር፣ 291

መስከረም 2018፣ ሐዋሳ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከተለቀቀ ወዲህ ቴሌግራሜ አላረፈም። አብዛኞቹ ልጆች የሚልኩት ቁጥር ብቻ ነው። «ቲቸር፣ 291።» ይህችን የላከችልኝ፣ ፊዚክስ ሳስተምራት «ለምን?» ሳትል የማታልፍ ልጅ ናት። ማለፊያው ከ600 ግማሹ፣ 300 ነው። ዘጠኝ ነጥብ! ራስ ምታት የያዘው ሰው በአንድ ጠዋት የሚጥለው ነው።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲዛወር ደስ ካላቸው መምህራን አንዱ ነኝ፤ ዛሬም አልቆጨኝም። በፊት የነበረውን ጉድ እናውቀዋለን፤ ወረቀቱ ሳይታደል መልሱ በስልክ ይዞር ነበር፣ ጎበዙና ሰነፉም አይለይም። በ2015 መጀመሪያ ልጆቹ አንሶላና ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው፣ ስልካቸውን ቤት ትተው ግቢ ገቡ። ያኔ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ዘንድሮ 8.4 ሲባል ተጨበጨበ። ሚዛኑ ታርሟል፣ እህሉ ግን ያው ነው። ቤተ ሙከራ ሳያይ ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት የሚጠየቅ ልጅ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ምን ይመልስ?

እኔን የሚያብሰለስለኝ የጥብቅነቱ ነገር ሳይሆን ጊዜው ነው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ፣ ከ8ኛው የክልል ፈተና በኋላ ልጁ ያለበትን ደረጃ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚነግረው የለም። በክፍል ፈተና 80 እና 90 እየተሰጠው አራት ዓመት ይከርማል (የእኛ የመምህራን ቸርነትም አለበት)፤ እውነቱን የሚሰማው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ተማሪው ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ለመመረቅ ማለፍ የነበረበትን ፈተና የሚወስደው 10ኛ ክፍል ላይ ነበር። የወደቀ እንደገና ይፈተን ነበር፣ እስኪመረቅም ጊዜ ነበረው። እንደዚያም ሆኖ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ድምፅ ሰጥቶ ፈተናውን ከመመረቂያ መስፈርትነት አስወጣው፤ ፈተናው ራሱ ግን አልቀረም። የእነሱን እንቅዳ አልልም፤ የእኛ የ12ኛው ፈተና የዩኒቨርሲቲ በርም ስለሆነ ነገሩ ይለያያል። የቀድሞው የ10ኛ ክፍል ፈተናም ስንቱን ከመንገድ እንዳስቀረ አልረሳሁም። እኔ የምለው ማንንም የማይጥል፣ «ሒሳብህ እዚህ ጋ ተሰብሯል» ብቻ የሚል ፈተና 10ኛ ላይ ይኑር ነው። ይህች ልጅ የእንግሊዝኛ ንባቧ ደካማ መሆኑን ያኔ ብታውቅ ሁለት ዓመት ነበራት።

ቅዳሜ ቤታቸው ቡና ተጠርቻለሁ። እሷ የሬሜዲያል (ማለፊያውን ላላገኙ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ እስኪነገር ልጠብቅ ትላለች፤ 291 ይዛ የምትቀር አይመስለኝም። ካልሆነ በግል ትፈተን፣ ወይ ቴክኒክና ሙያ ትግባ፤ እጇ ለሽቦና ለብሎን የተፈጠረ ነው። አባቷ ግን የቴክኒክና ሙያን ስም እንኳ መስማት አይፈልጉም። «መምህር፣ እርስዎ ልጅዎን ይልካሉ?» ብለውኛል በስልክ። እልካለሁ አልኳቸው፤ አላመኑኝም።