ሻለቃው ሊወዳደሩ ነው

አራት ኪሎ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሲሞቅ የሚያኮርፍ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ከድል ሐውልቱ ብዙ አትርቅም። ፓርላማውም ጎረቤታችን ነው ማለት ይቻላል። ደንበኞቼ የካምፓስ ተማሪዎች፣ ሥራ ፈላጊዎችና አቤቱታ የሚያጽፉ ሰዎች ናቸው። አሥራ ስድስት ዓመት የሰው ሲቪ ስጽፍ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻለቃ መጡ። ሰፈራችን ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ሻለቃ ከተባለ እሳቸው ናቸው። ብብታቸው ሥር ያረጀ ፋይል ይዘዋል። ጫማቸው እንደ ሁልጊዜው ፊት ያሳያል።

«ልጄ፣ አንድ የሕይወት ታሪክ ታይፕ ትመቺልኛለሽ?» አሉ።

«ለሥራ ነው ሻለቃ?»

«ለምርጫ። በግል ልወዳደር ነው።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። 70 ዓመታቸው ነው። እየቀለዱ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ሻለቃ ሲቀልዱ ቅንድባቸው ይነሣል። አሁን አልተነሣም።

ወረቀቱን ዘረጉልኝ። በእጃቸው የጻፉት ነው፤ መስመሩ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት። ሐረርጌ። ኤርትራ። የሻለቃ ጦር አዛዥ። ከዚያ 1983 ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ፣ ማለትም የንብረት ክፍል ሠራተኝነታቸውና ጡረታቸው፣ በሁለት መስመር አልቋል። የዕድር ሊቀመንበርነታቸው የለም። ጭራሽ አልተጻፈም።

«ዕድሩስ?» አልኳቸው።

«እሱ ምን ይጻፋል? ድንኳን መትከል ነው እኮ።» ጣታቸውን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አሳረፉ። «ስድስት መቶ የታጠቀ ሰው መርቻለሁ። ስድስት መቶ ወታደር የመራ፣ አንድ ወረዳ ያቅተዋል? ያውም አሁን ያሉት ጠቅላይ ሚኒስትር ኮሎኔል አልነበሩም እንዴ?»

ነበሩ። ዐቢይ አሕመድ ሌተና ኮሎኔል ነበሩ፤ በ2002 ምርጫም ከአጋሮ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። ግን በፓርቲ ነው የገቡት። ሻለቃ ብቻቸውን ናቸው። ይህን አልተናገርኩም። «ሰኞ ይድረስልዎት» ብዬ ሸኘኋቸው። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

እኔ ሻለቃን የማውቃቸው በጦር ሜዳ አይደለም። በ1998 ዕድራችን ውስጥ ሲመረጡ ነው። ድንኳኑ ተቀዷል፣ ሂሳቡ አይታወቅም፣ የቀድሞው ሊቀመንበር አርጅተዋል። ሕዝቡ «ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይግባ» አለ። ሻለቃ ገቡ።

የመጀመሪያውን ስብሰባ አልረሳውም። እሑድ ነው፣ ቀበሌ አዳራሽ። ወንበሮቹ በገመድ የተለኩ ይመስል ተደርድረዋል። ሻለቃ ቆመው አነበቡ፦ «የዛሬው አጀንዳ ሦስት ነው። ሦስቱም ተወስነዋል።» ሰው ሳቀ። ቀልድ መስሎት። ወርኃዊ መዋጮ ከ10 ብር ወደ 20 ብር ከፍ ብሏል። ያለ በቂ ምክንያት ከቀብር የቀረ 50 ብር ይቀጣል። ድንኳኑ ለውጭ ሰው አይከራይም። ጥያቄ ያለው? አሉና ማንም እጁን ሳያነሣ ወረቀታቸውን አጠፉ።

ከኋላ ጠላ የሚጠምቁ አንዲት እናት ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሻለቃ፣ እኛኮ ደመወዝ የምትከፍለን አይደለንም። የምንከፍልህ ነን» አሉና ተቀመጡ።

በሚቀጥለው ወር ከ140 ዕድርተኛ አርባው መጣ። ሻለቃ ደነገጡ። ቅጣት ጻፉ። ግን መቶ ሰው እንዴት ይቀጣል? ጦር ውስጥ የጠፋ ወታደር ይፈለጋል፣ ይያዛል። የዕድር ሰው ግን ከቀረ ቀረ ነው። በሰላም ቤቱ ቡናውን ይጠጣል። ከፈለገም ማዶ ካለው ዕድር ይመዘገባል።

ለእኔ ልዩነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ወታደር አዛዡን ትቶ መሄድ አይችልም፤ መራጭ ይችላል። ስድስት መቶ ሰው መምራት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ስድስት መቶው «እምቢ» ማለት የማይችል ከሆነ ሻለቃ ስለ «እምቢ» ምን ተማሩ? አራት ኪሎ ታክሲ ተራ ላይ ማታ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ሰልፉ ተጠማዞ ይሄዳል፤ ዱላ የያዘ ማንም የለም። አንድ ሰው ሊያቋርጥ ቢሞክር ሰልፈኛው ራሱ ይመልሰዋል። ናይጄሪያ ውስጥ ሙሐማዱ ቡሃሪ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1984 ዜጎችን ሥርዓት ላስተምር ሲል፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰውን በአለንጋ የሚያሰልፉት ወታደሮች ነበሩ። ሰልፉ ነበር። አለንጋው ሲሄድ ግን አብሮ ሄደ። ያው ቡሃሪ ዩኒፎርሙን አውልቆ በ2003፣ በ2007 እና በ2011 ተወዳደረ። ሦስቴ ተሸነፈ። በ2015 አሸነፈ። እኔን የሚገርመኝ በመሃል ያለው ነው፤ ጄኔራል የነበረ ሰው ሦስቴ ተሸንፎ እንደገና ድምፅ ልለምን ብሎ መነሣቱ። የአገር አስተዳደሩ እንዴት ነበር የሚለውን ለናይጄሪያውያን እተወዋለሁ።

ፈረንጆቹም ይህን ጉዳይ ተነታርከውበታል። ጄኔራል አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካን ሊመራ ሲመረጥ ከዚያ በፊት በምርጫ የተያዘ አንዲት ወንበር እንኳ አልነበረውም። ወንበሩን የሚለቅለት ፕሬዚዳንት ትሩማን፣ «ምስኪን፣ እዚህ ተቀምጦ ይህን አድርጉ ያን አድርጉ ይላል፣ ምንም የሚሆን ነገር ግን የለም፣ ይህ እንደ ጦሩ አይደለም» ብሎ አሾፈበት ይባላል። ትሩማን ራሱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአንድ መድፈኛ ክፍል አዛዥ፣ ሻምበል ነበር፤ ስለዚህ ካለማወቅ አልተናገረም። ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። አይዘንሃወር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባባሪዎቹን ጦር ሲመራ ዋና ሥራው ማዘዝ አልነበረም። ቸርችልን ማባበል፣ ደጎልን መታገሥ፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ሞንትጎመሪና የአሜሪካው ጄኔራል ፓተን እንዳይጣሉ መሸምገል ነበር። ዕድር ማለት እሱ ነው። ስምንት ዓመት መርቶ ሲሰናበትም፣ እሱ ራሱ ጄኔራሉ፣ የጦሩና የመሣሪያ ፋብሪካዎቹ ጥምረት አገር ላይ ከሚገባው በላይ እንዳይሰለጥን አስጠነቀቀ።

ወደ እኛ ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን አራተኛ ክፍለ ጦር ዛሬ የሰፈር ስም አድርገን «እዚያ ጋ ውረጅ» እንባባላለን። ደርግ ሰኔ 1966 የተቋቋመው እዚያ ነው። ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ተሰበሰቡ። መጀመሪያ ሊቀመንበር አድርገው ያመጡት ከእነሱ ማዕረግ በላይ የሆነውን ሌተና ጄኔራል አማን አንዶምን ነው። አማን በኦጋዴን ውጊያ ስሙ የገነነ ሰው ነበር፤ ማዘዝ ያውቅ ነበር። ግን የኤርትራን ጉዳይ በንግግር እንፍታው የሚለው እሱ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ቤቱ ውስጥ በተኩስ ሞተ። በዚያው ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተገደሉ። ታዲያ ጦሩ ለፖለቲካ ያዘጋጃል? አማንንም፣ የገደሉትንም ያሳደገው አንድ ጦር ነው።

ከሆለታ የወጣ ሌላም ሰው አለ፤ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ። ምክትል መቶ አለቃ ነበሩ። ከዚያ ሲቪል አቪዬሽን፣ ከዚያ በንጉሡ ዘመን ፓርላማ ተመርጠው ገብተው አፈ ጉባኤ ሆኑ። በ1992 ደግሞ በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ፣ በኋላም ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህን ለሻለቃ ብነግራቸው ደስ ይላቸዋል። በግል! ግን ግርማ መለዮውን ካወለቁ በኋላ ስንት ዓመት ሲቪል ሆነው እንደኖሩ መቁጠር አለባቸው።

ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 87 ላይ ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ሥራውን እንዲሠራ ያዛል፤ የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን። የጻፉት ራሳቸው ከበረሃ የመጡ ታጋዮች መሆናቸው ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

ሻለቃን ግን አልጨረስኩም።

ያንን የ1998ቱን ድንጋጤ ተከትሎ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። ስብሰባ ከመጥራታቸው በፊት ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። መጀመሪያ የሄዱት እኚያ ጠላ ጠማቂ እናት ጋ ነው። ሦስተኛውን ቡና ሳይጠጡ አልወጡም ይባላል። መዋጮው 20 ሳይሆን 15 ብር ሆነ። ሰው ተመለሰ።

ጦሩ የሰጣቸው ደግሞ ሌላ ቦታ ታየ። ሌሊት 9 ሰዓት ሰው ቢሞት ንጋት ላይ ድንኳኑ ቆሟል። አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው ሁሉ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ሐዘን ቤት ንፍሮ ሲዞር ሻለቃ መጨረሻ ላይ ነው የሚዘግኑት፤ ይህን ከሆለታ ነው ያመጣሁት ይላሉ፤ መኮንን ወታደሩ ሳይበላ አይበላም። በ2016 ሰፈራችን ፈርሶ ሰዉ ወደየአቅጣጫው ሲበተን ማን የት እንደሄደ፣ ስልኩ ስንት እንደሆነ በደብተራቸው ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ሲሞት ከከተማው ዳር ድረስ ሰው የሚመጣው በዚያ ደብተር ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ትዝ ይለኛል። በ2004 ተሸነፉ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በስምንት ድምፅ በለጧቸው። ሰው ሁሉ ፊታቸውን አየ። ሻለቃ ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ «ርክክቡ መቼ ይሁን?» አሉ። በማግስቱ መጋዘኑን ከፈቱ። ሰነዱን ያተምኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ሹካ ቆጥረው፣ የጎደለውን አንድ ማንቆርቆሪያ ከኪሳቸው ተክተው፣ ፈርመው አስረከቡ። በሚቀጥለው ቀብር ከመምህሩ ትእዛዝ ተቀብለው የድንኳን ቋሚ ተሸክመው አየኋቸው። በ2007 ሕዝቡ መልሶ መረጣቸው።

ግንቦት 13 ቀን 1983 የሻለቃ ጠቅላይ አዛዥ አውሮፕላን ተሳፍሮ ከአገር ወጣ። ሻለቃ ያኔ ሜዳ ላይ ነበሩ፤ የሰሙት በሬዲዮ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ስለዚህ የነገሩኝ። «መሸነፉ አይደለም ያናደደኝ» አሉ። «አላስረከበም።»

እሑድ ማታ ሲቪያቸውን ስጽፍ ደፈርኩና ዕድሩን ከላይ አደረግሁት። ሻለቃ ጦሩን ሁለተኛ። ሰኞ ጠዋት መጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ። ዝም አሉ። ቅንድባቸውን ጠበቅሁ፣ አልተነሣም።

«ዕድሩን ከጦሩ በላይ?»

«መራጩ እዚያ ነው የሚያውቅዎት ሻለቃ።»

«ትእዛዝ ተላልፈሻል።» ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ። በቀስት ጦሩን መልሰው ወደ ላይ ሰደዱት። እኔም ምን ልበል፣ የእሳቸው ሕይወት ነው። ከዚያ ዕድሩ ያለበት መስመር ላይ ቆዩ። ጠርዙ ላይ ያንኑ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ጽሕፈታቸውን ጻፉና ወረቀቱን አቀበሉኝ።

«በ2004 ዓ.ም. ተሸንፌ 212 ዕቃ በፊርማ አስረክቤያለሁ» ይላል።

«ሦስት ኮፒ አድርጊልኝ» አሉ። ማሽኑ ሞቆ ስለነበር ትንሽ ጠበቅን።