ካፕስ ሎክን ኮንትሮል አድርጉት

ኪቦርድ ላይ ምርጡን ቦታ ይዞ ምንም የማይሠራ ቁልፍ ቢኖር ካፕስ ሎክ ነው። ትንሿ ጣት ብዙም ሳትንቀሳቀስ ታገኘዋለች። አማርኛ ስንጽፍማ ጭራሽ አያስፈልገንም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። እንዲያውም በላቲን ፊደል ድምፅ በምንጽፍባቸው ብዙ ኪቦርዶች ላይ ሳናውቅ ከበራ «ተ» ያልነው «ጠ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ኮንትሮል ግን፣ ኮፒ ፔስት ስናደርግ፣ ሴቭ ስናደርግ፣ ፋይል ውስጥ ቃል ስንፈልግ ቀኑን ሙሉ የምንጫነው ቁልፍ፣ ታች ጥግ ላይ ተወሽቋል። እሱን ለመንካት ትንሿ ጣት ትታጠፋለች፣ አንጓም አብሮ ይጣመማል። ብዙ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ኪቦርድ ላይ ኮንትሮል ከኤ ፊደል በስተግራ ነበር። ባለ 101 ቁልፉ ኪቦርድ ሲመጣ ነው ካፕስ ሎክ ቦታውን የወሰደው።

ኮንትሮልን ወደዚያ ቦታ መመለሱ ቀላል ነው። ማክ ላይ የኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሞዲፋየር ኪስ የሚለውን ትከፍታላችሁ፣ ካፕስ ሎክን ኮንትሮል ታደርጉታላችሁ፣ በቃ። ለእያንዳንዱ ኪቦርድ ለብቻው ስለሚይዘው ግን በኬብል ወይም በብሉቱዝ የምታገናኙት ካለ እሱንም አስተካክሉ። የዊንዶውስ ኪቦርድ ማክ ላይ ስትሰኩ አልትና የዊንዶውስ ቁልፉ ቦታ ተለዋውጠው ቢያስቸግሯችሁም መፍትሔው እዚያው ነው። ዊንዶውስ ላይ ፓወርቶይስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም ጫኑ፤ ፕሮግራሙ ካልተከፈተ ለውጡ አይሠራም፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ አድርጉት። ሊኑክስ ላይ ግኖም የሚባለውን ዴስክቶፕ ለምትጠቀሙ ትዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ከዚህ በላይ ከፈለጋችሁ ያው ቁልፍ ነካ ሲደረግ ኤስኬፕ፣ ተጭነው ሲይዙት ኮንትሮል እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ማክ ላይ ካራቢነር (Karabiner)፣ ሊኑክስ ላይ ኪዲ (keyd) የሚባሉት ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ። ኤስኬፕን ደጋግሞ የሚያስነካውን ቪም የሚባል የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ለሚጠቀም ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ሁሉንም በአንዴ ግን አትቀያይሩ፤ ጣት አንዱን ሳይለምድ ሌላ ሲጨመርበት ግራ ይገባውና ሰው ተማሮ ወደ ድሮው ይመለሳል። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ ለሚከብደው ደግሞ ስቲኪ ኪስ አለ። ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን አምስት ጊዜ ስትነኩ ላብራው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ከዚያ በኋላ ኮፒ ለማድረግ ኮንትሮልን ነክቶ መልቀቅ፣ ቀጥሎ የሲን (C) ፊደል መንካት ይበቃል።