የጉዞ ጽሑፍ የሚፈተነው ግሡ ላይ ነው

ጉዞውን የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለመልክዓ ምድሩ ነው። በአማርኛ ግን ጽሑፉ የሚቆመውም የሚወድቀውም በግሡ ነው። ማን አደረገ፣ መቼ አደረገ፣ ጸሐፊው ያን ሰው አከበረው ወይስ አቀለለው፣ ይህ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩን በምትዘጋው በአንዲት ማሰሪያ ቃል ይታወቃል። ጽሑፉ ፖለቲካን ሲነካ ደግሞ እያንዳንዱ ማሰሪያ አቋም ይሆናል።

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «ከጎሐ ጽዮን ተነሥተን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ፍተሻ ላይ ሁለት ሰዓት ተገትረን፣ ዳገቱን ወጥተን ደጀን ምሳ በላን።» ሰዋስዉ አይነቀፍም። ቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም እንደ «ወርደን»፣ «ተሻግረን» ያለ ዓረፍተ ነገሩን የማይዘጋ ግሥ፣ እየተቀጣጠለ መሄዱም የአማርኛ ትረካ ውበት ነው። ነገር ግን አምስት ድርጊት ተደርድሮ አንባቢው ይዞ የሚወጣው «ምሳ በላን» የሚለውን ነው። መንገደኛውን ሁለት ሰዓት ያቆመው ፍተሻ ከድልድዩና ከዳገቱ እኩል ሆኖ መሀል ላይ ተቀበረ።

ስለዚህ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ማሰሪያ አንቀጽ የሚገባው የትኛው ድርጊት እንደሆነ ምረጡ። ቦዝ አንቀጹን ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት አታሳልፉ። ባለቤቱ ሲለወጥ በአራት ነጥብ ዝጉ፤ «ሾፌሩ አቁሞ፣ ፖሊሱ ጠይቆ፣ ተቆጥቶ ሄደ» ብትሉ የተቆጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የተስተካከለው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የዓባይን በረሃ ወርደን ድልድዩን ተሻገርን። ከማዶ ፖሊሶች ለሁለት ሰዓት አቆሙን። ደጀን የገባነው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው።» ምሳው ቢቀር ማንም አይጎዳም። «ለሁለት ሰዓት» ውስጥ ያለችውን «ለ» አትርሱ፤ እሷ ከሌለች የቆይታው ርዝመት ከሰዓቱ ቁጥር ጋር ይምታታል።

በተስተካከለው ላይ «ተገትረን» ወጥቶ «አቆሙን» ገብቷል። ይህ ለውጥ ከሁሉ ይበልጥብኛል። «መንገዱ ተዘግቷል»፣ «ውሳኔ ተላልፏል»፣ «ነዋሪዎች እንዲነሡ ተደርጓል» የሚሉት ከመግለጫና ከዜና የወረስናቸው ናቸው፤ ድርጊቱን አሳይተው አድራጊውን ይሸሽጋሉ። ረቂቁ ካለቀ በኋላ በ«ተ» የሚጀምረውን ግሥ ሁሉ አስምሩበትና «በማን?» ብላችሁ ጠይቁ። «ተነሣ»፣ «ተቀመጠ»፣ «ተቀበለ» ተደራጊ አይደሉም፣ እለፏቸው። መልሱን ካወቃችሁ አድራጊውን ጻፉ። ካላወቃችሁ «ማን እንደዘጋው የጠየቅናቸው ሊነግሩን አልቻሉም» በሉ፤ ይህም ለአንባቢው መረጃ ነው። ተደራጊው ግሥ ተገቢ የሚሆነው አድራጊው ከማንም የማይሰወር ሲሆን፣ ወይም ስሙን መጥራት ያነጋገራችሁትን ሰው አደጋ ላይ ሲጥል ነው። «ጉብኝት አደረግን»፣ «ውይይት አካሄዱ» የሚሉትንም በዚሁ ዙር ወደ «ጎበኘን»ና «ተወያዩ» መልሷቸው።

ሌላው አንቱታ ነው። አማርኛ ሰውን ሳይመዝን ግሥ አያስርም። የአርባ ዓመቱ ሥራ አስኪያጅ «አሉኝ» ተብሎ የስልሳ ዓመቱ ጥበቃ «አለኝ» ከተባለ፣ ጸሐፊው ስለ እኩልነት ገጽ ሙሉ ቢጽፍም አንባቢው እውነተኛ አቋሙን አይቶታል። መለኪያው ዕድሜ ይሁን ወይም ትውውቅ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ከዚያ ሥልጣን ላለውም ለሌለውም በአንድ ሚዛን አስኪዱት። ዋሽንግተን ላይ በእንግሊዝኛ የተነገራችሁን ቃል ወደ አማርኛ ስታመጡ «አንተ» ወይም «እርስዎ» ብሎ የሚመርጠው ተናጋሪው ሳይሆን እናንተ ናችሁ። በዚህ ምክንያት ምርጫው ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው አይቀያየር።

«ሕዝቡ ተማሯል» የሚል ማሰሪያም ይጣራ። መንገደኛ የሚያነጋግረው ባብዛኛው ሾፌርን፣ የሆቴል ሠራተኛንና አስጎብኚን ነው፤ ኑሯቸው በመንገደኛ ላይ የተመሠረተ፣ ብዙ ጊዜም ቋንቋውን የሚችሉለት ሰዎች ናቸው። የእነሱ ሐሳብ ዋጋ አለው፣ ነገር ግን የከተማው ሐሳብ አይደለም። ስንት ሰው እንዳነጋገራችሁ፣ በምን ሥራ ላይ እንዳለ፣ በየትኛው ቋንቋና በአስተርጓሚ ይሁን በቀጥታ ጻፉ። ሰውየውን መጠበቅ ካስፈለገ ስሙንና የሥራ ቦታውን ከጽሑፉ አስወግዱ፤ የተናገረውን ግን አትንኩ።

ቀንና ሰዓት ሲመጣ ስሕተቱ የሚጸነሰው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ረቡዕ 02:15 ካለ በእኛ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ15» ነው። «አጥቢያ» የምትለውን ቃል የሚዘል ጸሐፊ ጉዞውን በአንድ ቀን ያዛንፋል። ዓመተ ምሕረት ሲለወጥ ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ደግሞ 8 ነው፤ የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ከሆነ በፈረንጆቹ 1896 የሚሆነው ለዚህ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ፣ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች፣ አዲስ ዓመት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ይገባል፤ ቀኑም እስከ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ማብቂያ ድረስ በአንድ ይንሸራተታል። የ2016 ገና ታኅሣሥ 28 የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። ደብተሩ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ይበቃል።

ዋጋም እንዲሁ ቀኑ ይጠቀስ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ተመን ለገበያ በሐምሌ 2016 ከለቀቀ ወዲህ ቀን ያልተጻፈበት የብር ዋጋ ለአንባቢ ምንም አይነግረውም።

የከተማ ስም ላይ የምመክረው አጭር ነው። ለዛሬው ጉዞ ዛሬ የሚሠራበትን ስም ጻፉ፦ አዳማ፣ ቢሾፍቱ። ለድሮው ድርጊት የዘመኑን ስም አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ «ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው አዳማ» ማለት ይበቃል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን ስም እየቀያየሩ መጠቀም ግን አንባቢውን ሁለት ከተማ ያለ ያስመስልበታል።