ኩፕ

እንግሊዞች የማያነቡትን ፊደል ለምን እንደሚጽፉ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ይምጣ፤ ቡና አፈላለታለሁ።

የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበርኩ። የተቃጠለውን የውሃ ሞተር አስጭኜ ቃሊቲ ጠጋኝ ፍለጋ ሄጄ ስመለስ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዧ ነዋሪውን ሰብስበው፣ እኔን ሽረው፣ ጸሐፊውን ሾመው ደረስኩባቸው። በታኅሣሥ 1953 ክቡር ዘበኛ የተነሣባቸው ጃንሆይም ብራዚል ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ተመልሰው ዙፋናቸውን አገኙ። እኔ ወንበሬን እንኳ አላገኘሁም። ወንበሬ የምለው ሥልጣኑን አይደለም፤ ለስብሰባ ከቤቴ ያወጣሁትን የፕላስቲክ ወንበር ነው። አዲሱ ሊቀመንበር ተቀምጦበታል። እስካሁንም አልመለሰውም።

«መፈንቅለ መንግሥት!» ብል ይበቃኝ ነበር። ቃሉ ራሱ ቋጥኝ ይገለብጣል። ነገር ግን ሰውየው በየስብሰባው እንግሊዝኛ ጣል ያደርጋል፤ ልበልጠው ፈለግሁ። ጣቴን ቀስሬ «ይህ ኩፕ ነው! ኩፕ!» አልኩ።

«ጋሼ፣ ኩፕ እኮ የዶሮ ቤት ነው» አለች አንዲት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ።

ደረጃው ሥር ዶሮ የሚያረቡት እማማ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ዶሮዎቼ ምን አደረጉህ ልጄ?»

አለቀ። የእኔ መሻር ተረሳ። ሽታው ተነሣ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚጮኸው አውራ ዶሮ ተነሣ፣ ቤቱ በቆርቆሮ ይሁን በጣውላ፣ ከሮቶው ምን ያህል ይራቅ፣ በሩ ወደየት ይዙር፣ ጥሬው ለአይጥ እንዳይተርፍ ማን ይጠብቅ ተባለ። ስለ ውሃ ሞተሩ አንድ ቀን እንዲህ ተከራክረን አናውቅም። ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቮልስዋገን ውስጥ ሲያስገቧቸው እንኳ ስለ ዶሮ ያነሣ አልነበረም።

ልጅቷ በመሐል ታስረዳኛለች። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ መጨረሻው ላይ «ፒ» ይጻፋል እንጂ አይነበብም፤ «ኩ» ብቻ ነው የሚባለው፤ ሲሟላ «ኩ ዴታ» ይሆናል፤ «ኩ» ምት ማለት ነው። የማይነበብ ከሆነ ማን ጻፉት አላቸው?

የተረዱኝ ጡረተኛው መምህር ብቻ ናቸው። «ሕዝብ ገንፍሎ ሲነሣ አብዮት ነው» አሉ ጮክ ብለው። «ኩ ዴታ የሚባለው ግን ጦሩ ወይም ሹማምንቱ፣ ማለትም እዚያው ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያሉት፣ ገዢውን በድንገት ሲያወርዱት ነው። ይህን ሰው ያወረዱት ጸሐፊውና ገንዘብ ያዧ ናቸው። ስለዚህ አጠቃቀሙ ትክክል ነው!»

የሰማቸው የለም። ጉባኤው ጣውላ ላይ ደርሶ ነበር።

ማምሻውን ቃለ ጉባኤው ለፊርማ በራችን ድረስ መጣ። ተራ ቁጥር ሦስት እንዲህ ይላል፦ «የቀድሞው ሊቀመንበር የዶሮ ቤት ጥያቄ አቅርበው በድምፅ ብልጫ ውድቅ ተደርጓል።»