የአንገቴ እብጠት እና አራት ወር የፈጀብኝ የደም ምርመራ

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአንገቴ ግራ በኩል ባቄላ የምታህል እብጠት ዳሰስኩ። አታምም፤ አትሞቅም። እናቴ ዳስሳ «ንፍፊት ናት፤ የሆነ ቦታ ቁስል ይኖርሻል» አለችኝ። ጥርሴን፣ ጆሮዬን፣ የራስ ቆዳዬን ሳይቀር አስፈትሼ ቁስል አላገኘሁም። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ሻርፕ ከአንገቴ አይለይም፤ በትምህርት ቤት ያየኝ ሰው አልነበረም። እኔም ለሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ዝምታዬን ይቅር ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ካርድ አወጣሁ። ባለሙያው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ወደ አንገቴ ተመለከተና የደም፣ የሽንት እና የሰገራ ምርመራ አዘዘ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን አየና «ታይፎይድ እና ታይፈስ ተቀላቅሎ ይዞሻል» አለኝ። እብጠቷስ ብዬ ስጠይቀው «ኢንፌክሽኑ ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች። ነጭ የደም ሕዋስሽ 6,400 ነው፤ ትክክል ነው። ካንሰር ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይታይ ነበር» ሲል መለሰልኝ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ አዘዘልኝ፤ ወሰድኩት። ባለሙያው አንገቴን በእጁ አልነካም።

በመጀመሪያው ሳምንት ቀለል አለኝ፤ ስለዚህ አመንኩት። በኅዳር መጨረሻ እብጠቷ ሁለት ሆነች። ተመለስኩ፤ እንደገና ደም፣ እንደገና ታይፎይድ፣ አሁን ደግሞ መርፌ። በጥር ለሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ፤ አሁንም ደም፣ አሁንም ታይፎይድ። በሦስቱም ጊዜ እጁን አንገቴ ላይ ያሳረፈ ሰው አልነበረም። ለምርመራና ለመድኃኒት ከ7,000 ብር በላይ ከፍያለሁ።

በራሴ ላይ ያለኝ ቁጭት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ቁጥር አምናለሁ። የሦስቱን ዙር ውጤቶች በደብተር ጽፌ ኢ ኤስ አር የሚባለውን በግራፍ አሰመርኩት። መጀመሪያ 58፣ ቀጥሎ 51፣ በመጨረሻም 74 ነበር። ከ58 ወደ 51 የወረደ ጊዜ «መድኃኒቱ ሠራ» ብዬ ለእናቴ ደወልኩላት። በዚያው ወር ቀሚሴ ወገቤ ላይ ሰፍቶ ነበር፤ ሌሊት አንሶላዬ በላብ ይርስ ነበር። ሰውነቴ የሚነግረኝን ትቼ ወረቀቱን ሰማሁ።

ኢ ኤስ አር ምን እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ደምን በቀጭን ቱቦ አቁመው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀይ ሕዋሳቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረዱ ይለካሉ። በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር በደም ውስጥ የሚበዙ ፕሮቲኖች ቀይ ሕዋሳቱን ስለሚያጣብቋቸው ቶሎ ይወርዳሉ። በሳንባ ምችም፣ በቲቢም፣ በካንሰርም፣ በደም ማነስም፣ በእርግዝናም ከፍ ይላል። አንድ ነገር እንዳለ ይናገራል፤ ምን እንደሆነ አይናገርም።

የታይፎይዱ ምርመራ ደግሞ ዊዳል ይባላል፤ የቆየ ምርመራ ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል ያስተዋወቀው በ1896 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር የሚኖር ጤነኛ ሰውም ደሙ ውስጥ ይህ መከላከያ ሊኖረው ይችላል። በአንድ ቀን ደም «ፖዘቲቭ» ስለተባለ ብቻ ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም። እኔ ትኩሳት እንኳን አልነበረኝም! ትኩሳት ለሌላት፣ አንገቷ ላበጠ ሴት ሦስት ጊዜ የተስቦ መድኃኒት ሲሰጣት «ለምን?» ብላ አለመጠየቋ ያንገበግበኛል።

በየካቲት መጀመሪያ አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ሁሉንም ወረቀት ይዤ እንድመጣ አስገደደኝ። የገባሁበት ሐኪም በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ወረቀቶቹን ተቀብለው ሳያዩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ሻርፑን አውልቂ፣ ልጄ» አሉኝ። ከኋላዬ ቆመው በሁለት እጃቸው ከአገጬ ሥር ጀምረው እስከ ትከሻዬ ዳሰሱ፤ ብብቴንና ጉያዬንም አዩ። «ሁለት ሳይሆኑ አራት ናቸው፤ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል» አሉ። ኪሎ ቀንሻለሁ? ሌሊት ያልበኛል? ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ? ያልፈላ ወተት እጠጣለሁ? በአራት ወር ውስጥ ማንም ያልጠየቀኝን በአምስት ደቂቃ ጠየቁኝ። ሚዛን ላይ ስወጣ ስድስት ኪሎ ቀንሼ ነበር።

ከዚያ ወረቀቶቹን አነሱ። «የደም ምርመራው ከንቱ አይደለም» አሉኝ። «የደም ካንሰር ቢሆን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ምልክት ይሰጠናል፤ የንፍፊት እጢ ካንሰር (ሊምፎማ) ግን ደሙ ንጹሕ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ቲቢም እንዲሁ። መልሱ ያለው እጢው ውስጥ ነው።» ሲፕሮፍሎክሳሲን የቲቢን ባክቴሪያም በከፊል የሚመታ መድኃኒት ስለሆነ ጊዜያዊ እፎይታ ሰጥቶ በሽታውን ሊሸፍን እንደሚችል የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ያ የመጀመሪያው ሳምንት መልካም ስሜት ከዚያ የመጣ ይሆናል።

በቀጭን መርፌ ናሙና እንዲወሰድ አዘዙ። እዚህም ላይ አሥር ቀን በራሴ ጥፋት ባከነ፤ «እጢ በመርፌ ከተነካ ይሰራጫል» የሚለውን ስሰማ ስላደግኩ ፈርቼ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ወንድሜ መጥቶ ወሰደኝ። መርፌው ደም ከመስጠት እምብዛም አይለይም፤ ደቂቃዎች ብቻ ነው የፈጀው። የወጣው ነገር አይብ የመሰለ ነበር፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያየው የፓቶሎጂ ባለሙያ ቲቢ እንደሚመስል ጻፈ፣ ጂን ኤክስፐርት የተባለው ምርመራ ቲቢ መሆኑን አረጋገጠ፣ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት እንደማይቋቋምም አሳየ። የኤች አይ ቪ ምርመራም ተደረገልኝ፤ ነጻ ነኝ። በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰዱ ከዊዳል በፊት በመጀመሪያው ቀን መታዘዝ የነበረበት ነው፤ ለአንገት እብጠት መልስ የሚያቀርበው እሱ ነበር።

ብዙ ሐኪሞች ሌላ አስጊ ምልክት ከሌለ እብጠቱን ለአራት ሳምንት ያህል መጠበቅ ይቻላል ይላሉ። አልቃወምም፤ ግን ያገኛችሁበትን ቀን በወረቀት ጻፉ። አራተኛው ሳምንት ሲያልፍ «እንደገና ደም እንይ» ካሏችሁ እሺ አትበሉ፤ «ናሙና የሚወሰድልኝ የት ነው?» ብላችሁ ሪፈር ጠይቁ። እብጠቱ ከአንገት ሥር፣ ወደ ትከሻው አጥንት ዝቅ ብሎ ያለ ከሆነ ወይም ኪሎ የምትቀንሱ ከሆነ አራቱንም ሳምንት አትጠብቁ። አንድ ዙር ፀረ ባክቴሪያ ወስዳችሁ ካልቀነሰ ሁለተኛውን ከመቀበላችሁ በፊት ሌላ ሐኪም ያያችሁ። ናሙና ሳይወሰድ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ ለእብጠቱ ከታዘዘላችሁ ደግሞ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ የእጢ ካንሰር ከሆነ እብጠቱን አቅልሎ ምርመራውን ያሳስታል። «ያልተማረ ሰው ከሐኪም ጋር አይከራከርም» የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ ተምሬ አልተከራከርኩም።

ሕክምናው በጤና ጣቢያ በነጻ ነበር፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ሽንቴ ብርቱካንማ ሆነ፤ አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። በሁለተኛው ወር ግን እብጠቶቹ መልሰው አደጉ፤ መድኃኒቱ ከሽፏል ብዬ አለቀስኩ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ይህ በእጢ ቲቢ ላይ የሚያጋጥም መሆኑን፣ መድኃኒቱን ማቋረጥ እንደሌለብኝ አስረዳችኝ። ይህን ማንም በመጀመሪያው ቀን ቢነግረኝ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አላጣም ነበር፤ ስለዚህ ለምትጀምሩ ሁሉ አሁን እነግራችኋለሁ።

በነሐሴ መጨረሻ የመጨረሻውን ኪኒን ውጬ፣ ደብተሬን ይዤ፣ ኢ ኤስ አር ይሠራልኝ ብዬ ሲስተርን ጠየቅኳት። ሚዛን ላይ አውጥታ ሰባት ኪሎ መጨመሬን አየች፤ አንገቴን በሁለት እጇ ዳሰሰች፤ «አያስፈልግሽም፣ መምህርት» አለችኝ። ሳልሠራ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አንዷ እብጠት ዛሬም ስትዳሰስ የምስር ፍሬ ታክላለች።