ሰዓት የሌለው የፍጥነት ልኬት

ፍጥነት ማለት ርቀት ሲካፈል ለጊዜ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጋተው የኖርነው ነገር ነው። ዛሬ ከተማሪዎቼ ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ የዋልነው ግን ያለ ሰዓት ነው። ድምፅ በፈሳሽ ውስጥ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ስንለካ፣ የነበረን አንድ ማይክሮሜትር (በብሎን እየዞረ በጣም ትንሽ ርቀት የሚለካ)፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንዲት የምትወዛወዝ የኤሌክትሪክ መለኪያ መርፌ ብቻ ነው።

መሣሪያው ኢንተርፌሮሜትር ይባላል። ላየው ሰው ምኑም አያስደንቅም። ፈሳሹ የሚፈስባት ትንሽ የብረት ዕቃ አለች። ከሥሯ ስስ የኳርትዝ ክሪስታል ተቀምጧል። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ይንቀጠቀጣል። የሰው ጆሮ ከሚሰማው ጣሪያ መቶ እጥፍ ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ምንም አይሰማም። ከላይ ደግሞ በማይክሮሜትር ከፍና ዝቅ የሚል የብረት ሳህን አለ። ድምፁ ከሥር ተነስቶ ሳህኑን መትቶ ይመለሳል። በመሃል ያለው ርቀት ለሞገዱ ልክ ሲሆን መርፌዋ ትዘላለች። ትንሽ ሲያልፉት ትወርዳለች፤ ማዞሩን ሲቀጥሉ እንደገና ትዘላለች። ከአንዱ ዝላይ እስከ ሌላው ያለው የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ነው። ሁለት እጥፍ አድርገው በፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ክሪስታሉ በሰከንድ በሚንቀጠቀጥበት ብዛት፣ ያባዙታል፣ አለቀ። ሰዓቱ ክሪስታሉ ራሱ ነው ማለት ነው።

በውሃ ውስጥ ይህ ግማሽ 0.37 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንዱን ብቻ ለክቶ ማመን ቁማር ነው። ስለዚህ ሃያ ዝላይ ይቆጠራል፣ 7.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከዚያ ለሃያ ይካፈላል። ማይክሮሜትሩ የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ዝላዩ አመለጠኝ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ብሎኑ ትንሽ ልቅ ስለሆነ ንባቡን ያዛባል። አንዱ ተማሪ እየቆጠረ ሳለ ሌላው "ምሳ የት ነው?" ብሎ ጠየቀው። የተቆጠረው ሁሉ ገደል ገባ።

ሙቀቱም እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ንጹህ ውሃ 20 ዲግሪ ላይ 1482፣ 25 ዲግሪ ላይ 1497 ሜትር በሰከንድ ይሰጣል። ዕቃዋን በእጅ አቅፎ መያዝ ብቻ ቁጥሩን ይቀይረዋል። የሚገርመው አቅጣጫው ነው። አብዛኛው ፈሳሽ ሲሞቅ ድምፁ ይዘገያል። ውሃ ግን ይፈጥናል፣ እስከ 74 ዲግሪ ገደማ ድረስ፤ እዚያ 1555 ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ውሃ መቼም እንደ ሰው አይሆንም።

በ1826 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ኮላዶንና ስቱርም የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ይህንኑ ነገር ጄኔቫ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሠርተውታል። አንደኛው ጀልባ ላይ ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ ደወል ይመታል፣ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ይበራል። ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠው ብልጭታውን አይቶ ሰዓቱን ያስነሳል፣ ጆሮውን ውሃ ውስጥ ከተነከረ ቱቦ ጋር አጣብቆ ይጠብቃል። ዘጠኝ ሰከንድ ከምናምን። ውሃው 8 ዲግሪ ነበር፣ ያገኙት 1435 ነው። ዛሬ ለዚያ ሙቀት የሚሰጠው 1439 አካባቢ ነው። በሌሊት፣ በጀልባ፣ በእጅ ሰዓቱን እያስነሱና እያቆሙ! እኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን እንዲህ ካልተጠጋን እናፍራለን።

ሁሌም የሚነሳ ክርክር ዛሬም ተነሳ። ድምፅ በውሃ ውስጥ ከአየር ለምን ይፈጥናል? "ውሃ ዴንሲቲው ከፍ ስለሚል ነዋ!" አለች አንዷ (ዴንሲቲ ማለት በአንድ መጠን ውስጥ የታጨቀው ክብደት ነው)፣ ግማሹ ክፍል ራሱን ነቀነቀ። ይህን መልስ የማልሰማበት ዓመት የለም። እኔም ሜርኩሪን አነሳሁ። ከውሃ 13.6 እጥፍ ይከብዳል፣ ድምፅ ግን በውስጡ 1450 አካባቢ ነው፤ ከውሃው ያንሳል። ክብደትማ ያዘገያል። የሚያፈጥነው ፈሳሹ አልጨመቅም ማለቱ ነው። አየር በቀላሉ ይጨመቃል፣ ውሃ እምቢ ይላል። ስለዚህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምንለካው በስም ፍጥነት ይሁን እንጂ፣ በተግባር የፈሳሹን እምቢተኝነት ነው። ፍጥነቱና ዴንሲቲው ከታወቁ ምን ያህል እንደሚጨመቅ በአንድ መስመር ይሰላል።

ሆስፒታል ያለው አልትራሳውንድም በዚሁ ቁጥር ነው የሚኖረው። የሰውነታችን ሥጋ ሁሉ 1540 ነው ብሎ ያስባል፣ ድምፁ ሄዶ ማሚቶው እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ግማሽ በዚያ አባዝቶ ርቀት ያወጣል። ስብ ውስጥ ድምፅ ከዚያ ይዘገያል፣ ማሽኑ ግን አይጠይቅም።

ከሰዓት ላይ የጠበቅኩት ነገር መጣ፤ ኢታኖል፣ ማለትም አልኮል። ብቻውን 1160 አካባቢ ነው፣ ከውሃ በጣም ያነሰ። "ውሃው ላይ ስንጨምርበት ምን ይሆናል?" አልኳቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ ይቀንሳል አሉ። ጥቂት ጨመርን፣ ፍጥነቱ ወደ ላይ ወጣ። ደግመን ጨመርን፣ አሁንም ወጣ። ድብልቁ ውስጥ ያለው ኢታኖል በክብደት ሩብ አካባቢ ሲደርስ ወደ 1600 ተጠጋ። ከሁለቱም የሚበልጥ! ከዚያ በኋላ ነው መውረድ የጀመረው። አንዱ ልጅ ማይክሮሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ድርቅ አለ። በመለኪያ ሲሊንደር 50 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ሚሊ ሊትር ኢታኖል እንዲቀላቅል አደረግኩት። ያነበበው ከ97 በታች ነው። ሲሊንደሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ደግሞ አነበበ፣ አልጨመረለትም። የውሃ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሠሩት መረብ መሃሉ ክፍት ነው፤ ኢታኖሉ እዚያ ይሸጎጣል። የተጠጋጋ ነገር ደግሞ ለመጨመቅ ይበልጥ እምቢ ይላል።

"መምህር፣ ማር ቢሆንስ?" አለኝ ያው ልጅ ሊወጣ ሲል። ማር በጣም ስለሚወፍር ሞገዱን ይውጠዋል፣ መርፌዋም እምብዛም አትንቀሳቀስም። ደግሞስ ዕቃዋን ማን ያጥባል? ነገ ከዚያ ይልቅ ድብልቁን 30 ዲግሪ አድርገን እናየዋለን። ሲሞቅ መረቡ ስለሚላላ ያ የፍጥነቱ ጉብታ ዝቅ ማለት አለበት።