የስሙኒዋ መንታ

ቅዳሜ ከገበያ ያመጣኋቸውን 43 ስሙኒዎች ሳገላብጥ ሁለቱ ላይ ተተክዬ ዋልኩ። ደስታውን ለብቻዬ መያዝ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ልለፋቸው፤ ያው እንደማንኛውም ጀማሪ ያገኘሁትን እቃርም ነበር። ድንቡሎ፣ የጃንሆይ ዘመን ሳንቲም፣ አንዲት የማሪያ ትሬዛ ብር።

ፋታ የነሳኝ ነገር ድርብ ጽሑፍ ነው። አንዳንድ የ1969 ዓ.ም. ስሙኒ ላይ፣ በአንበሳው በኩል፣ «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ጥላ ያጠላበት ይመስላል። ይህ ደብልድ ዳይ ነው ወይስ የማሽን ደብሊንግ? የመጀመሪያው ከሆነ ሰብሳቢ ይሻማበታል። ሁለተኛው ከሆነ ያው ተራ ስሙኒ ነው።

ነገሩ የገባኝ ሳንቲም እንዴት እንደሚመታ ካነበብኩ በኋላ ነው። ዳይ ማለት ሳንቲሙን የሚመታው የብረት ማህተም ነው። እሱ ራሱ ሀብ በሚባል ሌላ ማህተም ተጭኖ ይቀረጻል። በድሮው አሠራር አንዴ ተጭኖ ስለማይበቃው ይደገማል። ሲደገም ትንሽ ዘወር ካለ ጽሑፉ ዳዩ ላይ ሁለቴ ይወጣል፤ ያ ዳይ የመታው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ይዞ ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመታው ዝነኛ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም እንዲህ ያለ ነው፤ ዓመቱ በባዶ ዓይን ድርብ ሆኖ ይታያል። በማሽን ደብሊንግ ግን ዳዩ ላይ ምንም ጥፋት የለም። ጠብቆ ስላልታሰረ በምቱ ቅጽበት ይንቀሳቀስና ገና የወጣውን ፊደል ይገፋዋል።

እኔ መጀመሪያ የማየው «ት»ን ነው። ማሽን የገፋት «ት» ጎኗ ላይ ጠፍጣፋ፣ የሚያብረቀርቅ እርከን አላት። እርከኑ ከሳንቲሙ ወለል ብዙም ከፍ አይልም። ፊደሏም ከስታለች፤ እርከኑ የተወሰደው ከራሷ ገላ ነዋ። በእውነተኛው ደብልድ ዳይ ላይ ግን ፊደሏ ትወፍራለች። ሁለቱም ምስሎች ሞላ፣ ክብ ያሉ ናቸው፤ የክንዷ ጫፍ ላይም ትንሽ ስንጥቅ ትታያለች።

ለዚህ ሥራ ሉፕ ከሚባለው፣ 10 እጥፍ ከሚያጎላ የእጅ መነጽርና ከማለዳ ፀሐይ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ጠዋት ጣና ዳር ወርጄ እቀመጣለሁ። ታንኳዎቹ ሲወጡ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ያለች ስለሆነች ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይመጣል። ሳንቲሙን ቀስ እያልኩ አዞረዋለሁ። ከብርሃኑ ጋር ቦታ የሚቀይር ከሆነ ጥላ ነው፣ ተውት። የስልክ ፍላሽ ግን እርከኑንም ስንጥቁንም አንድ ያደርጋቸዋል። በስልክ ፎቶ ብቻ የሚፈርድ ሰው አላምንም፤ በዚህ ማንም ቢከራከረኝ ንቅንቅ አልልም።

ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። «ደብልድ ዳይ ናት» ተብዬ፣ ፎቶዋን ብቻ አይቼ፣ አንዷን በ800 ብር ገዛሁ። ማሽን ነበረች። የሚከነክነኝ ግን የኔው አይደለም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለችውን እኔም አምኜባት ለጓደኛዬ ሸጬለት ነበር። ባለፈው ወር ብሩን መለስኩለት። እንዲያውም ከመሸጤ በፊት በሎሚና በአመድ ፈትጌያት ነበር። እባካችሁ ሳንቲም አትፈትጉ። ፍትጊያው የፊደሉን ጠርዝ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ሉፕ ምንም አይነግራችሁም።

አሁን በአንድ ሳንቲም ብቻ አልፈርድም፤ መንታዋን እፈልጋለሁ። ማሽን የሚገፋው ከሳንቲም ሳንቲም ይለያያል፤ ዳይ ላይ የተቀረጸው ግን አይለወጥም። የቅዳሜዎቹ ሁለት ስሙኒዎች «ት»ና «ዮ» ላይ እኩል ወፍረዋል፣ ስንጥቃቸውም አንድ ቦታ ነው። ከአንበሳው ጋማ አጠገብ ደግሞ በሁለቱም ላይ ፀጉር የምታክል ከፍ ያለች መስመር አለች። ሳንቲም ላይ ከፍ ያለ መስመር ዳዩ ላይ ጭረት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱን የመታቸው አንድ ዳይ ነው።

ሦስተኛዋን እየፈለግኩ ነው። የእናቶቻችሁ ቆርቆሮ ውስጥ የ1969 ስሙኒ ካለ፣ ሳትጠርጉት ከጋማው አጠገብ ያችን መስመር እዩልኝ።